እስመ ለዓለም፦ የመዝሙር 135 ምላሽ ትርጉምና አገልግሎት

«እስመ ለዓለም ምሕረቱ» በግእዙ ዳዊት 135ኛው መዝሙር ላይ ከየቁጥሩ መጨረሻ የሚመለስ ቃል ነው። ፍቺው «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ማለት ነው። መዝሙሩ 26 ቁጥር አለው፤ ምላሹም 26 ጊዜ ይመለሳል። በዳዊት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ምላሽ የተሠራ ሌላ መዝሙር የለም። የእግዚአብሔር ፍቅር የማያልቅ መሆኑን ብዙ ቦታ የሚናገረው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዚህ መዝሙር ግን ያንን ፍቅር በሥራ በሥራው እየቆጠረ ያስተምራል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «እስመ ለዓለም» ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ይህ የመዝሙሩ ምላሽ ነው። ሁለተኛው ከዚሁ ምላሽ ስሙን የወሰደ፣ በድጓ (በቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ) ውስጥ የሚገኝ የዜማ ክፍል ነው። ሁለቱን ለይቶ አለማወቅ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ በማኅሌት ሥርዓት ላይ «እስመ ለዓለም» የሚለውን አይቶ 26ቱ ቁጥር ሊነበብ ነው ብሎ የሚጠብቅ አለ። በዚያ ቦታ የሚዜመው የዕለቱ በዓል ድርሰት ነው።

ቁጥሩም አንዳንድ ጊዜ ያከራክራል። የዕብራይስጡን አቆጣጠር በሚከተሉ መጻሕፍት ይኸው መዝሙር 136ኛ ነው። የግእዙ ዳዊት የተከተለው የሰባ ሊቃናትን (የግሪኩን) አቆጣጠር ነው፤ በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑት በግሪኩና በግእዙ አንድ መዝሙር ስለሆኑ ከዚያ ወዲህ ያሉት በአብዛኛው በአንድ ይጎድላሉ። ስለዚህ ሰው «መዝሙር 136 አውጣ» ሲል የትኛውን መጽሐፍ እንደያዘ መጠየቅ ይገባል። በግእዙ 136 የባቢሎን ወንዞች መዝሙር ነው፤ ልቅሶ እንጂ ምስጋና አይደለም።

የቃሉ ትርጉም

በዕብራይስጡ የቆመው ቃል «ሔሴድ» ነው። ሔሴድ በኪዳን የተሳሰረ ወገን ለወገኑ የሚያሳየው የማይጠፋ ቸርነት ነው፤ ፍቅርም ታማኝነትም ርኅራኄም አለበት። የግሪኩ ተርጓሚዎች «ኤሌኦስ» አሉት፤ የግእዙ «ምሕረት» የተተረጎመው ከዚያ ነው። የግእዝ ተርጓሚዎች ለኤሌኦስ ሁልጊዜ አንድ ቃል አልተጠቀሙም። በመዝሙር 50 «ተሣሀለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ፤ ወበከመ ብዝኀ ምሕረትከ ደምስስ ኃጢአትየ» ሲባል ኤሌኦስን የተካው «ሣህል» ነው፤ «ምሕረት» ደግሞ በግሪኩ ርኅራኄ ለሚለው ቃል ገብቷል። በ135 ግን ምላሹ «ምሕረቱ» ነው። ሣህልና ምሕረት በግእዙ ዳዊት እንደ እኅትማማች ቃላት ተጎራብተው የሚሄዱ ስለሆኑ አንዱን ያለ ሌላው ማጥናት ያጎድላል።

የዛሬው አማርኛ «ምሕረት» ሲል መጀመሪያ የሚያስበው የበደለን ይቅር ማለትን ነው። መዝሙሩን በዚያ ብቻ የሚያነብ ሰው ቁጥር 8 ላይ ይቸገራል። ፀሐይ ቀንን እንድትገዛ መሠራቷ ለማን በደል ይቅርታ ነው? ምሕረት እዚህ ከይቅርታ ይሰፋል፤ እግዚአብሔር ለፈጠረው ሁሉ ያለውን የማይቋረጥ ቸርነት ይይዛል። ይቅርታ ከዚያ ቸርነት አንዱ ነው።

የፊደሉ ነገር ቀላል አይደለም። ቃሉ የሚጻፈው በሐመሩ «ሐ» ነው፦ ምሕረት። ሥሩ መሐረ፣ ይቅር አለ፣ ራራ ነው። በሃሌታው «ሀ» መሀረ ከተባለ ግን አስተማረ ማለት ነው፤ «ትምህርት» የመጣውም ከዚያ ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ «ምህረት» የሚለው ጽሑፍ ተለምዷል፤ በግእዝ ግን ሥር ያስታል። «ዓለም»ም በዓይኑ «ዓ» ነው፤ «ኄር» (ቸር) በብዙኃኑ «ኀ» ረድፍ ነው። ዳዊት የሚገለብጥ ሁሉ እነዚህን ሦስቱን መጠበቅ አለበት።

የመዝሙሩ አካሄድ

መዝሙሩ «ግነዩ ለእግዚአብሔር እስመ ኄር፤ እስመ ለዓለም ምሕረቱ» (እግዚአብሔርን አመስግኑ፣ ቸር ነውና፤ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና) ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ጥሪ ናቸው። ከ4 እስከ 9 ፍጥረት ይቆጠራል፦ ሰማያት፣ በውኃ ላይ የጸናች ምድር፣ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት። ከ10 እስከ 15 ከግብፅ መውጣት ነው፤ የተከፈለው ባሕር በግእዙ «ባሕረ ኤርትራ» ይባላል። ቁጥር 16 አርባ ዘመን የፈጀውን የምድረ በዳ ጉዞ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ከ17 እስከ 22 የነገሥታቱ መሸነፍና የምድሪቱ መውረስ ይመጣል፤ የአሞራውያን ንጉሥ ሴዎንና የባሳን ንጉሥ ዐግ በስም ይጠራሉ። 23 እና 24 በውርደታችን ጊዜ አሰበን፣ ከጠላቶቻችን አዳነን ይላሉ። ቁጥር 25 ለሥጋ ሁሉ ምግብን ይሰጣል ብሎ ከእስራኤል ታሪክ ወደ ፍጥረት ሁሉ ይመለሳል፤ 26 መጀመሪያ ላይ የነበረውን ጥሪ ይደግማል።

ከቁጥር 4 ጀምሮ ብዙዎቹ ቁጥሮች በግእዝ «ለዘ…» ብለው ይነሣሉ፤ የራሳቸው ማሰሪያ የላቸውም። ማሰሪያቸው ከላይ በመዝሙሩ መጀመሪያ ያለው «ግነዩ» ነው። ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህን ካልያዘ ዓረፍተ ነገሩ ተንጠልጥሎ ይቀርበታል፤ «ሰማያትን በጥበብ ለሠራ» ሲል «አመስግኑ» የሚለውን በልቡ መሸከም አለበት። ሌላም አለ። በግእዝ «እስመ» ከፊት ቆሞ ምክንያቱን ይነግራል፤ በአማርኛ ያው ሥራ ከመጨረሻዋ «ና» ላይ ወድቋል። በአፍ ሲዘወተር «ና» ትጣልና «ምሕረቱ ለዘላለም ነው» ይባላል። ጥሩ ምስክርነት ነው፤ ግን የመመስገኑ ምክንያት መሆኑ ይጠፋል። እስመ ከሌለ ሥራውና ፍቅሩ አይተሳሰሩም፤ የመዝሙሩ ትምህርት ሁሉ ያለው በዚያ ማሰሪያ ላይ ነው።

አንባቢን የሚያስቸግሩት የግብፅ በኩር ልጆች ሞትና የነገሥታቱ መገደል ናቸው። ይህ እንዴት ምሕረት ይሆናል? መዝሙሩ የሚናገረው ባሪያ ሆኖ በኖረው ሕዝብ አፍ ነው፤ የፈርዖን መስጠም ለተሳዳጁ መዳን ነው። ቃሉን ለበቀል መጠቀሚያ ማድረግ ግን የመዝሙሩን አካሄድ ያፈርሳል፤ ምክንያቱም ያው አንደበት ከጥቂት ቁጥር በኋላ «ለሥጋ ሁሉ» ምግብን የሚሰጥ ይለዋል። ለሥጋ ሁሉ ሲል ግብፃዊውንም ጨምሮ ነው።

ባለቤቱን በተመለከተ፣ መዝሙሩ ራሱ አርእስት ላይ የዳዊትን ስም አይጠራም፤ በግሪኩ «ሃሌ ሉያ» ብቻ አለ። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች ከምርኮ በኋላ የተደረሰ ሊሆን ይችላል ይላሉ። በቤተ ክርስቲያናችን 150ውም የዳዊት ነው።

በብሉይ ኪዳን ዘመን

ምላሹ ከዚህ መዝሙር ውጭም ይሰማል። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲቀድስ መዘምራኑ ይህንኑ አሉ (2 ዜና 5፥13)፤ በኢዮሣፍጥ ዘመን በሠራዊቱ ፊት እየሄዱ አሉት (2 ዜና 20፥21)፤ ከምርኮ ተመልሰው የቤተ መቅደሱን መሠረት ሲጥሉ አሉት (ዕዝራ 3፥11)። የሠለስቱ ደቂቅ ጸሎትም በዚሁ ቃል ይፈጸማል። አይሁድ መዝሙሩን «ታላቁ ሃሌል» ይሉታል፤ በፋሲካ ማዕድ ይደግሙታል። በሚሽና (በአይሁድ የሕግ መጽሐፍ) እንደተጻፈው ለዝናብ ጾመው ዝናቡ ከቀትር በፊት ከወረደ፣ ወጥተው በልተው ጠጥተው ታላቁን ሃሌል ይሉ ነበር። ታልሙድ ደግሞ 26ቱ ምላሽ ከአዳም እስከ ኦሪት መሰጠት ያለ ሕግ በቸርነቱ ብቻ ለተመገቡት 26 ትውልዶች ነው የሚል ትርጓሜ አለው።

የእስክንድርያው ሌሊት

በክርስትናው ታሪክ ይህ ምላሽ ከሁሉ ይልቅ በጎላ ሁኔታ የተመዘገበበት ሌሊት በ356 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ለ9 አጥቢያ ነው። የነገረው ባለቤቱ፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢዮስ የአርዮሳውያንን (ወልድ ከአብ ጋር እኩል መሆኑን የካዱትን) ወገን ይዞ ነበር፤ የጦር አዛዡ ሲርያኖስ ከ5,000 የሚበልጡ ወታደሮች አስከትሎ የቴዎናስን ቤተ ክርስቲያን ከበበ። ሰይፍ የመዘዙ፣ ቀስትና ዱላ የያዙ ነበሩ። ሕዝቡ በማግስቱ ለሚሆነው ቅዳሴ ማሕሌት ቆሞ አድሯል።

አትናቴዎስ ሕዝቡን ጥሎ መሸሽ አልወደደም። በመንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ዲያቆኑን መዝሙር እንዲያነብ፣ ሕዝቡን «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ እንዲመልስ፣ ከዚያም ሁሉም ወደየቤቱ እንዲሄድ አዘዘ። ወታደሮቹ በሩን ሰብረው ገብተው መቅደሱን ከበቡ። ካህናቱ ውጣ ቢሉት ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም አለ፤ አብዛኛው ከወጣ በኋላ መነኮሳቱና ካህናቱ ይዘው ጎትተው አወጡት። በወታደሮቹ መካከል አልፎ አመለጠ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ስድስት ዓመት ገደማ በግብፅ ገዳማት ተሸሸገ።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለውን ፍሬምናጦስን የአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው። እርሱ በተሰደደበት ጊዜ ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለዔዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ በአርዮሳዊው ጊዮርጊስ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይላክ አለ። አትናቴዎስ ደብዳቤውን በጽሑፉ ውስጥ አስገብቶ አቆይቶልናል። የአክሱም ሃይማኖት ግን ከአትናቴዎስ ጋር ጸና።

እስክንድርያም ቃሉን አልተወችውም፤ በግብፅ ቤተ ክርስቲያን የሌሊት ምስጋና ላይ «ሁለተኛው ሆስ» የሚባለው ይህ መዝሙር ነው። በግሪክ ሥርዓት «ፖሊኤሌዎስ» ይሉታል፤ ብዙ ምሕረት ማለት ነው።

በኢትዮጵያ

ዳዊት ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው፤ በ4ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት መካከል ሳይሆን አይቀርም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ (በሦስቱ የዜማ ስልቶች) ዜማውን ሲደርስ ከዳዊት ቃል ብዙ የክፍል ስም አወጣ። «እግዚአብሔር ነግሠ» ከመዝሙር 92፣ «ይትባረክ» ከሠለስቱ ደቂቅ ጸሎት፣ «እስመ ለዓለም» ከ135 ነው። በብዙ በዓላት ማኅሌት ከአንገርጋሪ፣ ከምልጣንና ከአመላለስ (ከሌሎቹ የማኅሌት ክፍሎች) በኋላ ይመጣል። ቃሉ ከበዓል በዓል ይለዋወጣል፤ ስሙ ግን ያው ነው።

በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም የግእዙን ዳዊት አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ሮም ከነበሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት ነው የተማረው።

ሲደገም

በሳምንት ዳዊት ለሚደግም ሰው 135 የሚውለው ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜው ድርሻ ከ131 እስከ 150 ነው። ዳዊቱ በ15 ንጉሥ ሲከፈል (አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው) በ14ኛው ውስጥ ይገኛል። ብቻውን የሚደግም ሰው ምላሹንም ራሱ ይላል። በማኅበር ሲሆን ግን አንዱ የቁጥሩን መጀመሪያ ያነባል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መመለሱ ላይ ነው። መላሾቹ ምላሹን በቃላቸው ስለሚያውቁት አንባቢው ሳይጨርስ ይነሣሉ፤ የሥራው ስም ይዋጥና «እስመ ለዓለም» ብቻ ይሰማል። ስለዚህ አንባቢው የመጨረሻውን ቃል አጉልቶ ይጣል፣ ትንፋሽ ያህል ይቁም፤ መላሾቹም ያን ዕረፍት ይጠብቁ። በፍጥነት የሚደግሙ ሰዎች ደግሞ «እስመ»ን ይበሉና «ስመ ለዓለም» ይላሉ፤ «ስመ» ሲሆን ትርጉሙ «ስም» ወደሚለው ይሄዳል። የእ ድምፅ ሳትጎተት ግን ተሰምታ መነሣት አለባት።

ሌላው የቁጥር መዝለል ነው። የቁጥሩ ሁሉ መጨረሻ አንድ ስለሆነ ዓይን ከአንዱ «ምሕረቱ» ወደ ቀጣዩ ይዘላል፤ በተለይ 17 እና 18 ነገሥታትን ስለ መምታት በተመሳሳይ ቃል ስለሚናገሩ አንዱ ይቀራል። ይህ ለጸሐፊም ለአንባቢም የሚያጋጥም ስሕተት ነው። የብራና ጸሐፊዎች መላ አበጁለት፤ በብዙ ብራና ዳዊት ላይ ምላሹ በአሕጽሮት ተጽፎ ከመስመሩ ዳር እንደ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ገጹን የገለጠ ሰው መዝሙሩን ከማንበቡ በፊት በቅርጹ ይለየዋል። ገልብጦ የጨረሰ ጸሐፊ የዳሩን አሕጽሮት ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል፤ 26 ካልሞላ የጠፋውን ቁጥር ፍለጋ ወደ ናሙናው ይመለሳል።