የፀጉር ዲኤንኤ ቆጠራ ምንድን ነው?

የሰው ሽታ ሲሸተው ድራሹ የሚጠፋ አውሬ እንዴት ይቆጠራል? አንዱ መንገድ እሱን ትቶ ፀጉሩን መልቀም ነው።

ማንኛውም ፀጉር ግን አይሆንም። ከራሳችሁ ላይ አንድ ንቀሉና ጫፉን ብርሃን ላይ እዩት፤ ሥሩ ጋ ትንሽ ነጭ ነገር አለች። እንስሳውን ከሌላው የሚለየው ዲኤንኤ በደንብ የሚገኘው እዚያች ውስጥ ነው። ዘንጉ ላይ በብዛት ያለው ከእናት ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው፤ «ድብ ነው» ይላችኋል፣ የትኛው ድብ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ስለዚህ ረግፎ ከተገኘው ይልቅ የተነቀለው ይመረጣል። ለድብ እሾሃማ ሽቦ ዛፍ ከዛፍ እያዞሩ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይወጥሩና መሃሉ ላይ የሸተተ ደምና የበሰበሰ ዓሣ ጭማቂ ያፈሳሉ (ሽታውን አስቡት!)። ድቡ ሽቦውን ተሻግሮ ወይም በሥሩ ሾልኮ ይገባል። የሚበላ ሲፈልግ ወፍ የለም። ሽቦው ላይ ጥቂት ፀጉር ጥሎ ጥርግ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ሰሜን ምዕራብ ግሪዝሊ ድቦች የተቆጠሩት እንዲህ ነው፤ ግምቱ 765 መጣ። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ጆን ማኬይን በ2008ቱ የምርጫ ቅስቀሳ የድብ ዲኤንኤ ጥናት የገንዘብ ብክነት ነው ብሎ ተሳልቆበታል። እኔ ግን ገንዘቡ የትም አልወደቀም ባይ ነኝ።

አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ ደግሞ ዎምባት የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ አለ። ሰሜናዊው ፀጉራም አፍንጫ ዎምባት በጣም ብርቅ ነው፣ ወጥመድ ውስጥ ሲገባም ይጨነቃል። መፍትሔው በሁለት በኩል የሚጣበቅ ቴፕ የጉድጓዱ አፍ ላይ መወጠር ሆነ። እንስሳው ማታ ሲወጣ ቴፑን ታክኮ ያልፋል፣ ጠዋት ፀጉሩ ተለጥፎ ይገኛል።

አንድም ሳይቀር ተለቅሞ ነው የሚቆጠረው ማለት ግን አይደለም። ለቀማው ይደጋገማል። በሁለተኛው ዙር የሚመጡት አብዛኞቹ ቀድሞ የታወቁት ከሆኑ ያልታየው ጥቂት ነው፤ አዳዲስ ከበዛ ገና ብዙ አለ። ከዚያ ሒሳብ ነው።

ጣጣው ፀጉር ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ኢምንት መሆኑ ነው፣ ፀሐይና እርጥበትም ቶሎ ያበላሹታል። ናሙናው በወረቀት ፖስታ ደርቆ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ላብራቶሪ ውስጥም ከእናትና ከአባት ከመጡት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል። ያኔ የታወቀው እንስሳ አዲስ መስሎ እንደገና ይቆጠራል፣ ሊጠፋ የተቃረበው ዝርያ ወረቀት ላይ የበዛ ይመስላል። ለዚህ ነው አንዱን ናሙና ደጋግመው የሚያነቡት። የሁለት ዎምባት ፀጉር አንድ ቴፕ ላይ ሊገኝ ስለሚችል ደግሞ ፀጉሩ አንድ በአንድ ነው የሚመረመረው።