ኦክስጅኑ ተጭኗል፣ ግን ደርሷል ወይ? በማግኔት ስለመለካት

እናቴን ሱሉልታ አንድ ክሊኒክ ወስጃት ነርሷ ያቺን ጣት ላይ የምትቆነጠጥ የኦክስጅን መለኪያ አድርጋላት 92 በመቶ ስትል እኔ ደነገጥኩ፣ እሷ ግን "አይዞዎት እማማ፣ ከፍታው ነው" አለቻት። እውነቷን ነው፣ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ጅቡቲ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ደግሞ ከዛም ከፍ ትላለች።

ችግሩ ያቺ መሳሪያ በብርሃን የምታየው ደሙ ኦክስጅን መጫኑን ነው፣ ስጋው ጋ መድረሱን አይደለም። የከተማ ዳር ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፣ ዋናው መስመር ውሃ አለው እየተባለ እኛ ጫፍ ላይ ያለነው ሮቷችን ባዶ ሆኖ ጄሪካን ደርድረን ቦቴ እንጠብቃለን አይደል።

ጫፉ ላይ ያለውን የሚለካው ኢ.ፒ.አር (ኤሌክትሮን ፓራማግኔቲክ ሬዞናንስ) ኦክሲሜትሪ የሚባለው፣ ኦክስጅንን በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሚለካ ዘዴ ነው። መሰረቱን በ1944 ዛቮይስኪ የሚባል ሩሲያዊ ካዛን ላይ ነው ያገኘው። ኦክስጅን ሁለት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉት ራሱ ትንሽ ማግኔትነት አለው፣ ስለዚህ ስጋው ውስጥ እንደ ሊቲየም ፍታሎሲያኒን ያለ ደቃቅ ክሪስታል በመርፌ ያስገቡና ማግኔት መሀል አድርገው የሬዲዮ ሞገድ ይልኩበታል፣ ክሪስታሉ የሚመልሰው ሲግናል ዙሪያው ኦክስጅን በበዛ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል፣ ስፋቱን ለክተው የኦክስጅኑን መጠን በሚሊሜትር ሜርኩሪ (እንደ ደም ግፊት ባለ የግፊት መለኪያ) ያወጡታል። አንዴ ከገባ ደግሞ ከሳምንታት በኋላም እዛው ቦታ ላይ ደግሞ መለካት ይቻላል። ሰው ላይ ከተሞከሩት አንዱ የካርበን ጥቁር ቀለም ነው፣ ቆዳ ስር ገብቶ የሚቀር፣ በቃ የእናቶቻችን የአንገት ንቅሳት በሉት!

በጣም የሚፈለገው ለካንሰር ነው። እጢ ውስጥ ከ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች የወረዱ ቦታዎች ይኖራሉ፣ ኦክስጅን ያጣ ሴል ደግሞ ለመሞት እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ ጨረር ሊፈልግ ይችላል፣ ስለዚህ ኦክስጅኑ ከፍ ያለበትን ሰዓት አውቆ ጨረሩን ያኔ መስጠት ነው ሀሳቡ።

ኤምአርአይም ቢሆን ኦክስጅን የለቀቀ ሄሞግሎቢን ማግኔታዊ መሆኑን ተጠቅሞ ለውጥ ያሳያል (ኦጋዋ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ በ1990 ያሳየው ነው)፣ ግን ጨመረ ቀነሰ ይላል እንጂ ቁጥሩን አይሰጥም።

የኢ.ፒ.አር ትልቁ ጣጣ ጥልቀት ነው። የተለመደው የላብ ማሽን የሚልከው ሞገድ ድግግሞሹ 9 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነና ውሃ ሞገዱን ስለሚውጠው፣ ለህያው አካል ወደ 1 ጊጋኸርዝ ይወርዳሉ፣ እንደዛም ሆኖ ከላይ በሚቀመጥ ጥቅል ሽቦ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ቢያይ ነው። ለዛ ብለው ጫፉ ላይ ክሪስታሉን የያዘ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ መቅበር ጀምረዋል።