ቅይጥ ትምህርት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተማሪው ከፊሉን ትምህርት በበይነ መረብ፣ ከፊሉን ደግሞ ክፍል ውስጥ ከመምህሩ ጋር ሆኖ የሚማርበት ዘዴ ቅይጥ ትምህርት ይባላል። ስለ ዘዴው በወላጆችም ሆነ በመምህራን ዘንድ ከሚነገሩት ነገሮች ብዙዎቹ መታረም ያለባቸው ናቸው።

«በኮሮና ጊዜ ተሞክሮ አልሠራም።»

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ከተወሰነ በኋላ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም የተሰጠው ትምህርት ቅይጥ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ከመምህሩ ጋር የሚሰጠው ከፊሉ ትምህርት ጨርሶ ስላልነበረ፣ ያ የአስቸኳይ ጊዜ የርቀት ትምህርት ነው። በእሱ ውጤት ቅይጥ ትምህርትን መመዘን ተገቢ አይደለም።

«ጥሩ ቪዲዮ ካለ መምህሩ ብዙም አያስፈልግም።»

ከሁሉም የሚጎዳው አመለካከት ይህ ይመስለኛል፤ አገራችንም ዋጋ ከፍላበታለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በየክፍሉ በተተከለ የፕላዝማ ቴሌቪዥን መቀበል ጀመሩ። ሥርጭቱ ከአንድ ማዕከል በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ስለነበር መምህሩ ሊያስቆመውም ሆነ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። ፕላዝማው ጥያቄ ያቀርባል፣ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፣ ተማሪው ጥያቄውን በቅጡ ሳይረዳው መልሱን ተናግሮ ያልፋል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አመለጠ ማለት ነው። ለመምህሩ የቀሩለት የክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ።

የኬሚስትሪ ትምህርትን እንውሰድ። ተማሪው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው ውኃ የሚሰጡበትን እኩልታ እንዲያመጣጥን ታዟል። በግራ በኩል ሁለት፣ በቀኝ በኩል አንድ የኦክስጅን አተም መኖሩን ያያል፤ ቁጥሩን ለማስተካከልም በውኃው ቀመር ላይ ከኦክስጅን ምልክት ግርጌ ትንሿን 2 ይጨምራል። ቁጥሩ ተስተካከለ፤ ውኃው ግን ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ የተባለ ሌላ ውሁድ ሆነ። ይህን ስሕተት ቪዲዮው አያየውም። የሚያየው በወንበሮች መካከል እየተዘዋወረ ደብተር የሚመለከት መምህር ነው፤ ጎንበስ ብሎ «አሁን የጻፍከው ውኃ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

በአሜሪካ ኮሎራዶ በሚገኘው የዉድላንድ ፓርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጆናታን በርግማን እና አሮን ሳምስ የተባሉ የኬሚስትሪ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2007 ትምህርታቸውን መቅረጽ የጀመሩት ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎች ብለው ነበር። ኋላ ግን ሁሉም ተማሪ ገለጻውን ቤቱ ሆኖ እንዲያይ አደረጉ፤ በዚህም የክፍሉ ጊዜ ለጥያቄና ለልምምድ ተረፈ። ቪዲዮው የመምህሩን ቦታ አልወሰደም፤ መምህሩን ከሰሌዳው አላቅቆ ወደ ተማሪው አቀረበው እንጂ።

«ቅይጥ ትምህርት እንደሚበልጥ በጥናት ተረጋግጧል።»

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የጥናቶች ግምገማ በቅይጥ ዘዴ የተማሩት በክፍል ብቻ ከተማሩት በአማካይ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ያሳያል። ይሁን እንጂ ያው ሰነድ የቅይጥ ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ሰዓትና ተጨማሪ መልመጃ እንደነበራቸው፣ ስለዚህም ልዩነቱ ከቴክኖሎጂው ብቻ መጣ ሊባል እንደማይችል ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ውጤቱን ያህል ሲጠቀስ አይሰማም።

«ኢንተርኔት በሌለበት አይታሰብም።»

ይታሰባል። ኮሊብሪን የመሰሉ የመማሪያ ሶፍትዌሮች አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት፣ በግቢው ዋይፋይ ብቻ ይሠራሉ። ዳታ መግዛት ለማይችል ቤተሰብም የተቀረጸውን ትምህርት በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ መስጠት ይቻላል። ስልክ የሌለው ተማሪ ግን መረሳት የለበትም፤ ትምህርቱን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል የሚያይበት ሰዓት ካልተመደበለት፣ መምህሩ «ትናንት እንዳያችሁት» ብሎ በጀመረ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል።

«የመምህሩን ሥራ ያቀልለታል።»

በመጀመሪያው ዓመት ያከብድበታል። አጭር ትምህርት ለመቅረጽ መጻፍ፣ መለማመድ፣ ተሳስቶ እንደገና መቅዳት አለ፤ ይህም ከዕለት ዝግጅትና ከፈተና እርማት በላይ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ዘዴውን የሚጀምር ርዕሰ መምህር የመምህራኑን ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ቀንሶ ለዝግጅት ሰዓት ሊሰጣቸው፣ የአንድ ትምህርት ዓይነት መምህራንም ርዕሶቹን ተከፋፍለው እንዲቀርጹ ሊያደርግ ይገባል፤ አንዱ የቀረጸውን ሌላው በሚቀጥለው ዓመትም ይጠቀምበታልና።