የኑዌቫ እስፓኛ ሰሜናዊ ጠረፍ፦ የስፔን ግዛት ከዳር እንዴት ተፈታ

የኑዌቫ እስፓኛ (መዲናው ሜክሲኮ የነበረው የስፔን ቅኝ ግዛት) ሰሜናዊ ጠረፍ የሚባለው ስፔን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1821 ድረስ በሰሜን አሜሪካ የያዘችው፣ ወይም ይዣለሁ የምትለው ሰፊ ዳርቻ ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። የዛሬዎቹ ኒው ሜክሲኮ፣ ቴክሳስ፣ አሪዞናና ካሊፎርኒያ፣ እንዲሁም የሜክሲኮዎቹ ሶኖራ፣ ቺዋዋና ኮዋዊላ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በካርታ ላይ አገሩ ሁሉ የንጉሡ ይመስላል። መሬት ላይ ግን የስፔን ሥልጣን ከጥቂት ከተሞች፣ ከሚሲዮኖችና ፕሬሲዲዮ ከሚባሉት የጦር ሰፈሮች ብዙም አያልፍም ነበር። በመካከላቸው የሚያዙት አፓቼዎች፣ ኮማንቼዎችና ሌሎች የአገሬው ሕዝቦች ናቸው። የስፔን ኢምፓየር ውድቀት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ደቡብ አሜሪካው ነጻ አውጪ ስለ ሲሞን ቦሊቫርና ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር ስለተደረገው የ1898ቱ ጦርነት ነው። በሰሜኑ ጠረፍ ግን አገዛዙ በመጨረሻ ዘመኑ ቆሞ የነበረው በብርና በስጦታ ነው፤ የተፈታውም ብሩ ሲቋረጥ ነው።

ገባር፣ መነኩሴና አመፅ

ሁዋን ደ ኦኛቴ በ1598 ሪዮ ግራንዴን ተሻግሮ ኒው ሜክሲኮን በንጉሡ ስም ሲይዝ፣ ልቡ የነበረው በደቡብ እንደተገኘው ባለ የብር ማዕድን ላይ ነበር። ብሩን አላገኘም። ያገኘው በድንጋይና በጭቃ ቤት የሚኖሩ፣ በቆሎ የሚያርሱ ሕዝቦችን ነው፤ ስፔናውያን ፑዌብሎዎች ብለው ጠሯቸው። የአኮማ መንደር ሰዎች ወታደሮች ገደሉ ተብሎ በ1599 መጀመሪያ ላይ መንደሩ ተደመሰሰ፤ ብዙ መቶ ሰው አለቀ። ከሞት የተረፉ፣ ዕድሜያቸው ከ25 በላይ የሆነ ወንዶች አንድ እግራቸው እንዲቆረጥ ተፈረደባቸው።

ብር የሌለበት ግዛት የሚኖረው ከገባሩ ነው። ኤንኮሚዬንዳ በሚባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ቤተሰብ በቆሎ፣ ጨርቅ ወይም ቆዳ ለተመደበለት ስፔናዊ ይገብራል። ከዚያም ለገዥው ይሠራል፤ ለፍራንሲስካውያን መነኮሳትም ይሠራል። ገዥዎቹና መነኮሳቱ ደግሞ በዚሁ ጉልበት እርስ በርስ ሲካሰሱ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። በ1660ዎቹና በ1670ዎቹ ድርቅ፣ ረሃብ፣ ወረርሽኝና የአፓቼዎች ወረራ ተደራርበው ሲመጡ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ አምልኮ ማዘንበል ጀመረ። በ1675 ገዥው 47 የእምነት መሪዎችን በጥንቆላ ወንጅሎ አሰረ። ጥቂቶቹ እንዲሰቀሉ ተፈረደ፤ ሌሎቹ ተገረፉ። ከተገረፉት አንዱ ፖፔ ይባላል።

ፖፔ ከአምስት ዓመት በኋላ ያቀናጀው አመፅ ለአሠራሩ ሲባል ጠጋ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። መንደሮቹ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የተራራቁና ከዚያ በፊት አንድ ሆነው የማያውቁ ነበሩ። ሯጮች ቋጠሮ ያለበት ገመድ ከመንደር ወደ መንደር ያደርሳሉ፤ በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ የመጨረሻው የተፈታ ዕለት ሁሉም ይነሣል። ሁለት መልእክተኞች ተይዘው ምስጢሩ ስለወጣ ቀኑ እንዲቀድም ተደረገና አመፁ ኦገስት 10 ቀን 1680 ፈነዳ። 400 ያህል ስፔናውያን ተገደሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 21ዱ መነኮሳት ነበሩ። አማፂዎቹ ሳንታ ፌን ከብበው ውሃዋን ቆረጡባት። ገዥው አንቶኒዮ ደ ኦተርሚን የተረፈውን ሰው ይዞ ወደ ኤል ፓሶ ወረደ። ስፔን ለመመለስ 12 ዓመት ፈጀባት። ዲዬጎ ደ ቫርጋስ ከ1692 ጀምሮ ግዛቱን መልሶ ሲይዝ ኤንኮሚዬንዳ አብሮ አልተመለሰም፤ አመፁ ተሸነፈ የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

ባለፈረሶቹ

ከስፔናውያን መንጋ የወጣው ፈረስ የሜዳውን አገር ኃይል አሰላለፍ ገለባበጠው። በስፔን መዛግብት ስማቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ብቅ የሚለው ኮማንቼዎች በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አፓቼዎችን ከደቡባዊው ሜዳ ገፍተው አስወጡ። በፈረስ ጎሽ ያድናሉ፤ ቆዳ፣ ፈረስና ምርኮኛ ይነግዳሉ። አንድ መንደር ሲወርሩ ሌላው ገበያ ላይ በሰላም ሊሸጡ ይችላሉ። ስፔን ይህን እንደ ክህደት ቆጠረችው። ለኮማንቼዎች ግን እያንዳንዱ መንደር ለብቻው ወዳጅ ወይም ጠላት ነበር።

በ1757 በቴክሳስ ሳን ሳባ ወንዝ ላይ ለአፓቼዎች ሚሲዮን ተተከለ። አፓቼዎቹ ሊሰፍሩበት አልፈለጉም፤ ኮማንቼዎች ግን የጠላቶቻቸው መጠጊያ አድርገው አዩት። በማርች 1758 ከአጋሮቻቸው ጋር መጥተው አቃጠሉት። በማግስቱ ዓመት ኮሎኔል ዲዬጎ ኦርቲስ ፓሪያ ሊበቀል ወደ ሬድ ሪቨር ዘመተ። የጠበቀው በእንጨት አጥር የተመሸገ መንደርና የፈረንሳይ ጠመንጃ የያዘ ተዋጊ ነበር፤ ሁለት መድፍ ጥሎ ተመለሰ።

የቆዳ ካባ ለባሾች

ከ1766 እስከ 1768 የንጉሡ መርማሪ የነበረው የሩቢ ማርኪስ (ማርኪስ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጠረፉን ከዳር እስከ ዳር በፈረስ ሲጎበኝ ያየው ነገር ለመንግሥቱ የሚያኮራ አልነበረም። የወታደሩ ደመወዝ በካፒቴኑ እጅ ያልፋል፤ ካፒቴኑም ገንዘቡን አስቀርቶ ጨርቅ፣ ሳሙናና እህል በራሱ ዋጋ ይሰጠዋል። ወታደሩ ተቀጥሮ እስኪሞት ከዕዳ አይወጣም። ጠላትን ለመዋጋት የተሠራው ምሽግ በተግባር የካፒቴኑ ሱቅ ሆኖ ነበር። ሩቢ በሪፖርቱ ንጉሡ በእውነት በሚገዛው አገርና በሐሳብ ብቻ በሚገዛው መካከል ለይቶ፣ ኃይሉ ሁሉ በፊተኛው ላይ ይሰብሰብ አለ።

በዚህ መሠረት የወጣው የ1772 ደንብ ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 15 ፕሬሲዲዮዎች በአንድ መስመር እንዲሰለፉ አዘዘ። ወታደሩ ቀስት የማይበሳው ብዙ ድርብ የቆዳ ካባ ይለብሳል፤ ጦር፣ ጋሻ፣ ጎራዴና ጠመንጃ ይይዛል፤ ስድስት ፈረስ፣ አንድ ውርንጭላና አንድ በቅሎ ይኖሩታል። ወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሆኖም በአንዱ ምሽግና በሌላው መካከል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚኖር አፓቼዎች በመካከሉ ለማለፍ አልተቸገሩም። ያን ሁሉ ፈረስ መጠበቅ ራሱ ሌላ ጦር የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

ሰላም በድርጎ

ለውጥ ያመጣው ሁዋን ባውቲስታ ደ አንሳ ነው። የኒው ሜክሲኮ ገዥ ሳለ በ1779 ኩዌርኖ ቬርዴ የተባለውን የኮማንቼ የጦር መሪ በውጊያ ገደለ። ወዲያው ፈንጣጣ ገብቶ ኮማንቼዎችን ፈጃቸው። ሁለቱም ወገን ሲደክም አንሳና የኮማንቼዎቹ አለቃ ኤኩዌራካፓ በ1786 ሰላም አወረዱ፤ ይህ ሰላም በኒው ሜክሲኮ በኩል ከስፔን አገዛዝ ዕድሜ በላይ ቆየ።

በዚያው ዓመት በሜክሲኮ የንጉሡ እንደራሴ የነበረው ቤርናርዶ ደ ጋልቬስ ለጠረፉ አዛዦች ያወጣው መመሪያ ዕርቃኑን የቆመ ፖለቲካ ነው። ለሚዋጋ ጦርነት፣ ለሚገባ ደግሞ ንግድና ስጦታ ይሰጠው ይላል። መጠጥ ይለምድ። ጠመንጃም ይሸጥለት፤ ነገር ግን ረጅምና ቶሎ የሚበላሽ ይሁን፣ ለጥገና ወደኛ እንዲመለስ። ቀስቱን ከረሳ በኋላ ባሩድ የሚያገኘው ከኛ ብቻ ነው። ክፋቱ ግልጽ ነው፤ እንደ ሥርዓት ግን ከጦርነቱ የተሻለ ሠራ። በምሽጎቹ አጠገብ የሰፈሩ አፓቼዎች በየሳምንቱ ሥጋ፣ በቆሎ፣ ስኳርና ትንባሆ ድርጎ ይሰፈርላቸው ጀመር።

ይህ ሁሉ ከሳካቴካስና ከጓናሁዋቶ ማዕድን በሚወጣ ብር የሚከፈል ነበር። የስፔን ፔሶ በዚያ ዘመን ከሜክሲኮ እስከ ቻይና የሚታመን ገንዘብ ነበር፤ ጠገራ ብር በኛ አገር ገበያ የነበረውን ቦታ ያስታውሳል። ከ1769 ጀምሮ የተያዘችው ካሊፎርኒያ ሳትቀር ደመወዟና ዕቃዋ ከሳን ብላስ ወደብ በመርከብ ይመጣላት ነበር፤ በተለይ ዩማዎች በ1781 አምፀው በኮሎራዶ ወንዝ መሻገሪያ የሚያልፈውን የየብስ መንገድ ከዘጉት በኋላ።

ብሩ ሲቋረጥ

ማድሪድ በአውሮፓ ጦርነት ዕዳ ስትሰጥም እጇን የዘረጋችው ወደ ሜክሲኮ ነው። በ1804 የወጣው አዋጅ ቤተ ክርስቲያን ያበደረችው ገንዘብ ተሰብስቦ ወደ ስፔን እንዲላክ አስገደደ፤ ከእርሷ ተበድሮ የሚሠራው ገበሬና ነጋዴም ተመታ። በ1808 ናፖሊዮን ንጉሡን ማረከ። በሴፕቴምበር 1810 ቄስ ሚጌል ኢዳልጎ የአመፅ ጥሪ ሲያሰሙ የብሩ አገር ራሱ የጦር ሜዳ ሆነ። ኢዳልጎ ወደ ሰሜን ሲሸሹ ተይዘው በ1811 የተረሸኑት የጠረፉ አዛዥ መቀመጫ በሆነችው ቺዋዋ ነው።

ለጠረፉ የሚላከው ገንዘብ ነጠፈ። በካሊፎርኒያ ወታደሮቹን የቀለቡት ሚሲዮኖቹ፣ ማለትም በውስጣቸው የሚሠሩት የአገሬው ሰዎች ጉልበት ነበር፤ ከውጭ መርከቦች ጋር ቆዳና ሞራ በድብቅ መነገድም የዕለት ኑሮ ሆነ። በቴክሳስ ስጦታው ሲቀር ሰላሙ አብሮ ቀረ። ኮማንቼዎች ከምሥራቅ ለሚመጡ አሜሪካውያን ነጋዴዎች ፈረስና በቅሎ ለመሸጥ የስፔናውያንን መንጋ ነዱ። የንጉሡ ጄኔራል ሆአኪን ደ አሬዶንዶ በ1813 በሜዲና ውጊያ የቴክሳስን አማፂዎች ደምስሶ ግዛቱን አስመለሰ፤ ግን በበቀል ቅጣቱና በወረራው መካከል የቴክሳስ ሕዝብ ተመናመነ።

በ1819 የተፈረመው ውል ፍሎሪዳን ለዩናይትድ ስቴትስ ሰጥቶ በምዕራብ ድንበር አሰመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ነጻ ስትወጣ ያ መስመር የስፔን መሆኑ አበቃ። በጠረፉ ላይ ለመጨረሻው ሰንደቅ የተዋጋ ጦር አልነበረም፤ ገዥዎቹ ለአዲሱ መንግሥት ምለው በየቢሯቸው ቀጠሉ።

ድርጎው ግን ዕዳ ሆኖ ተወረሰ። ሜክሲኮም ገንዘብ ስላነሳት በ1831 የአፓቼዎችን ስፍር አቋረጠች፤ ሰሜኑም ወደ ወረራ ተመለሰ። በ1848 ሜክሲኮ ከግዛቷ ግማሽ ያህሉን ለዩናይትድ ስቴትስ ስታስረክብ በውሉ አንቀጽ 11 ላይ ያስገባችው ዋስትና አሜሪካ ኮማንቼዎችና አፓቼዎች ድንበር ተሻግረው እንዳይወርሩ እንድታግድ ነበር። ዋሽንግተን አልቻለችበትም፤ በ1853 መጨረሻ በተፈረመው አዲስ ውል መሬት ጨምራ ስትገዛ ከዚያ አንቀጽም ራሷን ነጻ አወጣች።