የልብን የኤሌክትሪክ ካርታ መሥራት፦ በእጅ የሚለመድ ሙያ

ልብ የምትመታው በኤሌክትሪክ ነው። ምልክቱ የምት መነሻ ከሆነው፣ በቀኙ የላይኛው ክፍል ካለው ሳይነስ ኖድ ይነሳና የላይኞቹን ክፍሎች ያዳርሳል። በላይኞቹና በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ያለው ኤቪ ኖድ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ ሂስ ጥቅል በሚባለው ምልክት አስተላላፊ የሥጋ ክር አልፎ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይወርዳል። የልብ ምት ሲዛባ ችግሩ ከየት እንደሚነሳ፣ በየት በኩል እንደሚዞር ነጥብ በነጥብ መፈለግ የካርታ ሥራ ይባላል። የልብ ስፔሻሊቲ የሚያጠኑ ሐኪሞች ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይማሩትም።

ፍለጋው የቆየ ነው። ቶማስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ በውሻ ልብ ላይ ምልክቱ የትኛው ቦታ መቼ እንደሚደርስ ለክቷል። በ1969 ቤንጃሚን ሸርላግና ባልደረቦቹ የሂስን ምልክት በካቴተር (በደም ሥር ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን፣ ምልክት የሚቀዳ ቱቦ) ከሰው ልብ የሚቀዱበትን ዘዴ አሳተሙ። የካቴተሩን ጫፍ በማግኔት እየተከተለ የልብን ቅርጽ ከነምልክቱ የሚስለው ኮምፒውተር የመጣው በ1990ዎቹ ነው።

ዛሬ ተማሪው መጀመሪያ የሚያየው የስክሪኑን ቀለም ነው። ቀይ ቀድሞ የነቃው ቦታ ነው፤ ወይን ጠጅ የዘገየው። ያምራል። ግን ትምህርቱ ከቀለም ሳይሆን ከሲግናል መጀመር አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

የሂስን ቦታ መፈለግ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። ካቴተሩ በብሽሽት ደም መልስ በኩል ገብቶ የታችኛው ቀኝ ክፍል ይደርሳል። ተማሪው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይስበዋል፣ በሰዓት አቅጣጫ ትንሽ ያዞረዋል። ስክሪኑ ላይ በሁለት ትልልቅ ሞገዶች መካከል አንዲት ቀጭን፣ ሹል ምልክት ብቅ ትላለች። ሂስ እሷ ናት። ጥቂት ሚሊሜትር ፈቀቅ ካለ ትጠፋለች። ከእሷ እስከ ታችኞቹ ክፍሎች መነቃቃት ድረስ በጤናማ ልብ ከ35 እስከ 55 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ይህን በራሱ እጅ አግኝቶ የለካ ተማሪ አይረሳውም።

ቀጥሎ የንክኪ ነገር ይመጣል። የታችኛው ክፍል ምልክት ጉልበት ሲለካ ከ1.5 ሚሊቮልት በላይ ጤናማ፣ ከ0.5 በታች ጠባሳ ተብሎ ይወሰዳል። ካቴተሩ ግድግዳውን በደንብ ካልነካ ግን ጤናማው ሥጋ ራሱ ጠባሳ መስሎ ይታያል። ከመጠን በላይ ከተጫነ ደግሞ ግድግዳው ሊበሳ፣ ደም ልብን ከቦ ሊያፍናት ይችላል። ለዚህ ነው ሲሙሌተር (የመለማመጃ ማስመሰያ ማሽን) የሚያስፈልገው፤ እጅ ስህተቱን እዚያ ይጨርስ። የእንስሳ ልብ ከፍቶ ማየትም ብዙ ይረዳል።

ሌላው ወጥመድ ከሩቅ የመጣን ሲግናል የቦታው አድርጎ መመዝገብ ነው። አንድ ነጥብ ከተሳሳተ የሐሰት ቀይ ይፈጠራል። ስለዚህ በተቀዳ ኬዝ ላይ ቀለሙን አጥፍቶ፣ እያንዳንዱን ነጥብ ተማሪው ራሱ እንዲያርም ማድረግ ትልቅ ልምምድ ነው።

በሽተኛው ጋ ሲደረስ አሠልጣኙ ከጎን ይቆማል። ምቱን የሚያዛባው ቦታ ለሕክምና በካቴተሩ ከመቃጠሉ በፊት «ለምን እዚህ?» ብሎ ይጠይቃል። ምቱ ከአንድ ነጥብ የሚነሳ ከሆነ ተማሪው ሁለት ነገር ማሳየት አለበት፦ ሲግናሉ ከሰውነት ላይ በሚቀዳው የልብ ምት መስመር (ኢሲጂ) ላይ ካለው ሞገድ ይቀድማል፤ በካቴተሩ ጫፍ ብቻ የሚቀዳው የዩኒፖላር መስመርም ሽቅብ ሳይነሳ ቁልቁል ይወርዳል።