ረጅም የመኪና ራሊ፦ ከአዳማ ተነስቶ ለሚያስበው

ረጅም የመኪና ራሊ ማለት ብዙ መኪኖች ከአንድ ከተማ ተነስተው በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ነድተው ሌላ ከተማ የሚገቡበት ጉዞ ነው። አንዳንዱ በሰዓት የሚለካ ውድድር ነው። አንዳንዱ ቀን ሲነዳ ውሎ ማታ ሲጨፈር የሚታደርበት የሀብታም ሽርሽር ነው። አዳማ ላይ "ራሊ ልገባ ነው" ከሚሉት ልጆች ግማሹ የሚያወራው ስለ ኬንያው ሳፋሪ ራሊ ነው፤ ግማሹ ዩቲዩብ ላይ ስላየው ላምቦርጊኒ። በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ሁለቱም እዚህ አሉ።

መነሻው

መኪና ገና ብርቅ በነበረበት እ.ኤ.አ. በ1907 አምስት መኪኖች ከፔኪንግ (የዛሬዋ ቤጂንግ) ወደ ፓሪስ ተነሱ። ጣሊያናዊው መስፍን ሺፒዮኔ ቦርጌዜ በኢታላ መኪናው ሁለት ወር ነድቶ አንደኛ ገባ። በዚያው ሰሞን እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ለመድረስ መንገድ በሌለበት አገር ይታገል ነበር። መጀመሪያ የገባው እሱ ነው ወይስ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ የሚለው አሁንም ያከራክራል፣ ብዙ ሰው ቤንትሌን ያስቀድማል። ማንም ይቅደም፣ በእኔ ቤት የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ራሊ ያ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም የራሊ ውድድር ይካሄድ ነበር።

ከሁሉም ዝነኛው የጣሊያኑ ሚሌ ሚሊያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ከብሬሻ ሮም ደርሶ ወደ ብሬሻ የሚመለስ፣ 1,600 ኪሎሜትር ገደማ የሆነ ውድድር ነበር። በ1955 ስተርሊንግ ሞስ በመርሴዲስ 300 ኤስኤልአር 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ውስጥ ጨረሰው። በሰዓት 157 ኪሎሜትር ገደማ አማካይ ፍጥነት ነው፣ ያውም በተራ የአገር መንገድ። ምስጢሩ አጠገቡ የተቀመጠው ጋዜጠኛ ዴኒስ ጄንኪንሰን ነው። እያንዳንዱን ኩርባ አስቀድሞ በረጅም ጥቅል ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ጥቅሉን ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከትቶ እያሽከረከረ ያነባል። በሞተሩ ጩኸት ምክንያት መነጋገር ስለማይቻል የሚመጣውን ኩርባ የሚነግረው በእጅ ምልክት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የአልፎንሶ ደ ፖርታጎ ፌራሪ ከመንገድ ወጥታ እሱን፣ ረዳቱን እና ዘጠኝ ተመልካቾችን ገደለች። ውድድሩም በዚያው አበቃ። ዛሬ በዚያ ስም የሚደረገው በ1977 የተጀመረው የአሮጌ መኪኖች ጉዞ ነው፤ በተመደበው ሰዓት መድረስ እንጂ ፍጥነት አይለካበትም።

ካኖንቦል እና ጋምቦል

የፈጣን መኪና ወዳጆች ጉዞ የሚባለው ነገር አባቱ ካኖንቦል ነው። አሜሪካዊው የመኪና ጋዜጠኛ ብሮክ ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1971 ከኒው ዮርክ ካሊፎርኒያ ድረስ "በፈለጋችሁት መኪና፣ በፈለጋችሁት መንገድ ድረሱ" አለ። ደንቡ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስሙን የወሰደው በ1933 አሜሪካን በ53 ሰዓት ተኩል ካቋረጠው ኧርዊን "ካኖንቦል" ቤከር ነው። በኅዳር 1971 ዬትስ ራሱ ከእሽቅድድም ሹፌሩ ዳን ገርኒ ጋር በፌራሪ ዴይቶና 35 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ውስጥ ገባ፤ መንገዱ 4,600 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ገርኒ ሲጠየቅ "ከ175 ማይል በላይ አልነዳንም" ብሎ አሾፈ። ያ በእኛ 280 ኪሎሜትር በሰዓት ነው። ውድድሩ በ1972፣ በ1975 እና በ1979 ተደገመ። የመጨረሻው አሸናፊ ጃጓር 32 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በየግላቸው፣ ሌሊት ሌሊት፣ የፖሊስ ራዳር ጠቋሚ እየሰቀሉ ክብረ ወሰኑን ከ26 ሰዓት በታች አውርደውታል። ጀብዱ ነው የሚለው አለ፣ እብደት ነው የሚለውም አለ። መንገዱ ላይ የሌላ ሰው ልጅ አለ፣ ስለዚህ እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ።

ጋምቦል 3000ን እንግሊዛዊው ማክሲሚሊየን ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1999 ጀመረው። ቁጥሩ ማይልን ያመለክታል። አዘጋጆቹ "ውድድር አይደለም" ይላሉ፣ ሰዓትም አይያዝበትም። ታዋቂ ሰዎች፣ ስቲከር የተለጠፈባቸው መኪኖች፣ በየከተማው ሕዝብ፣ ማታ ድግስ። መግቢያው ለአንድ መኪና በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ነው፤ መኪናው ደግሞ የራስህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የጋምቦል ፖርሽ መቄዶንያ ውስጥ ከአንድ ቮልስዋገን ጋር ተጋጭቶ አንድ አዛውንት ሞቱ፣ ባለቤታቸውም ቆይተው አረፉ። የዚያ ዓመት ጉዞ መሃል መንገድ ላይ ተሰረዘ። "ውድድር አይደለም" የሚለውን ቃል ሁሉም ሹፌር አይሰማውም ማለት ነው።

ጎረቤታችን ሳፋሪ

የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን ተብሎ በኬንያ፣ በኡጋንዳ እና በታንጋኒካ ተጀመረ። ኬንያዊው ሼካር መህታ አምስት ጊዜ አሸንፏል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የጆጊንደር ሲንግ ታሪክ ነው። በ1965 ያሸነፈው ያገለገለ ቮልቮ ፒቪ544 ገዝቶ ነው። ደጅህ ላይ አሮጌ መኪና ቆማ ለምትቆጭ ወዳጄ፣ ይሄን ያዝ። ሳፋሪ ለዓመታት ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ቆይቶ በ2021 ናይቫሻ ላይ ተመልሷል።

ለምን አዳማ

አዳማ ያለችው መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፣ ይሄን የምለው የከተማው ልጅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ በአገሪቱ የመጀመሪያው የክፍያ ፈጣን መንገድ አለ። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 85 ኪሎሜትር ገደማ፣ ስድስት መስመር፣ የፍጥነት ጣሪያው 120። እዚህ ላይ ሒሳቡን አስቡት። በ100 ከነዳህ 51 ደቂቃ፣ በ120 ከነዳህ 42 ደቂቃ ተኩል። ለስምንት ደቂቃ ተኩል ነው እንግዲህ ሰው ነፍሱን የሚያስይዘው። ነፋሱንም አትርሱ፣ እዚህ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ከፍ ያለች መኪና ተሳቢ ደርባ ስታልፍ መሪው እጅ ላይ ሲንገዳገድ ይሰማል።

በደቡብ አዋሽን ተሻግሮ በዴራ እና በኢተያ አሰላ ይገባል። 75 ኪሎሜትር ገደማ፣ ሰባት መቶ ሜትር የሚጠጋ ዳገት። አገሩ የሯጮች ነው፤ ኃይሌ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው፣ ደራርቱ እና ቀነኒሳ ከዚያ አለፍ ብሎ ከበቆጂ። በምሥራቅ መተሐራ እና አዋሽ አለ። ሙቀት፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ አስፋልቱን እየገፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ተሳቢ ያለ ማቋረጥ። ተሳቢው ፍሬቻ ሲያሳይ "እለፍ" ይሁን "ቆይ" እርግጠኛ ካልሆንክ ቆይ። ወደ ሐዋሳ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከሞጆ ይነሳል፣ እስከ ባቱ ያለው ክፍል አገልግሎት ላይ ነው።

እንዴት ይገባል

የውጭውን የሚፈልግ ገንዘብ፣ ቪዛ እና ትዕግሥት ያዘጋጅ፣ ሌላው በአዘጋጁ ድረ ገጽ ያልቃል። እዚሁ ለሚጀምር የሚሻለው የሰዓት ራሊ ነው። አማካይ ፍጥነት ይሰጥሃል፣ ቀድሞ መግባትም ዘግይቶ መግባትም ነጥብ ያስቀንሳል። ምሳሌ፦ አዳማ–አሰላ በ50 አማካይ ከተባለ 90 ደቂቃ ነው። ከጠዋቱ 2፡00 የተነሳ 3፡30 ላይ አሰላ መሆን አለበት፣ 3፡25 የገባም ይቀጣል። ዴራ ላይ ፍየል ካቆመህ ያቃጠልከውን ደቂቃ በየት በኩል ቀስ አድርገህ እንደምትመልስ የሚያሰላው ከጎን የተቀመጠው ሰው ነው። ለዚህ ቮልስም ቪትዝም ይበቃል። ያለ ፈቃድ በሕዝብ መንገድ ላይ መሽቀዳደም ግን በየትኛውም መኪና ሕገወጥ ነው።

በየት በኩል እንደሚነዳ የሚያሳየው የመንገድ መጽሐፍ ሦስት ዓምድ አለው፦ ኪሎሜትር፣ ትንሽ ሥዕል፣ ማስታወሻ። ሥዕሉ ላይ ነጥቧ የመጣህበት ናት፣ ቀስቷ የምትሄድበት። ከመነሳት በፊት መኪና ይፈተሻል። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የፍሬን ሸራ፣ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ። ስኮርታው ነፋስ እንዳለው ሳያይ የሚወጣ ሰው ሁሌም አይጠፋም፣ ከዚያ አዋሽ በረሃ ላይ ጎሚስታ ፍለጋ ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ የሚገቡት ኤሌክትሪክ ናቸው። በመነሳት ቤንዚኑን ያስንቃሉ። ነገር ግን በ120 ሲነዱ ቻርጁ ቶሎ ያልቃል፣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ደግሞ ዳገት ነው፤ ስትወርድ ባየኸው ቁጥር ተማምነህ አትውጣ።

ሳፋሪን ለማየት በሞያሌ በኩል ኬንያ ለመግባት ያሰበ ለመኪናው ጊዜያዊ የጉምሩክ ፈቃድ እና ድንበር ተሻጋሪው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ መድን ያስፈልገዋል። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። እኛ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ስለዞርን መሪያችን በግራ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ደርቦ ለማለፍ ፊት ለፊት የሚመጣውን መጀመሪያ የሚያየው ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ነው። ያ ሰው ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሰው።