ቮይስ ቴራፒ፦ የድምፅ ሕክምና አጠቃላይ ዳሰሳ

ቮይስ ቴራፒ የሻከረን፣ የደከመን፣ የሰለለን ወይም ጭራሽ የጠፋን ድምፅ ያለ ቀዶ ጥገና፣ በአብዛኛውም ያለ መድኃኒት፣ በልምምድ የሚመልስ የሕክምና ዘርፍ ነው። ሕክምናውን የሚሰጠው በድምፅ ላይ የሠለጠነ የንግግርና ቋንቋ ቴራፒስት ሲሆን፣ የበሽታውን ምንነት የሚለየው ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ነው። ብዙ ሰው ሕክምናው «ውሃ ጠጣ፣ አትጩህ፣ ዝም በል» ከሚል ምክር የማያልፍ ይመስለዋል። ምክሩ አለ፤ ዋናው ሥራ ግን ታካሚው ሳያውቀው የያዘውን የአተነፋፈስና የአነጋገር ልማድ ማስጣልና ጡንቻዎቹ በሌላ መንገድ እንዲሠሩ ማስለመድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድምፅ እንዴት ይወጣል

ድምፅ የሚፈጠረው በማንቁርት ውስጥ ግራና ቀኝ በተዘረጉ ሁለት የድምፅ አውታሮች ነው። እያንዳንዱ አውታር ከውስጥ ጡንቻ፣ ከላዩ ደግሞ የላላና እርጥብ ሽፋን አለው። ለመናገር ስንነሳ አውታሮቹ ይገጥማሉ፤ ከሳንባ የሚመጣው ትንፋሽ ገፍቶ ይከፍታቸዋል፤ በራሳቸው የመለጠጥ ባሕርይና በአየሩ ፍሰት ተስበው ደግሞ ይዘጋሉ። ይህ በአዋቂ ወንድ በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ፣ በአዋቂ ሴት 200 ጊዜ ገደማ ይደጋገማል። አንዲት መምህርት ድምፅ ባወጣችበት በእያንዳንዱ ደቂቃ አውታሮቿ 12 ሺህ ጊዜ ያህል ይጋጫሉ ማለት ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሚኖሩ ሂራኖ በ1974 ሽፋኑና ጡንቻው በተለያየ መንገድ እንደሚንቀሳቀሱ ካስረዳ ወዲህ፣ የጠራ ድምፅ የሚገኘው ሽፋኑ በነፃነት ሲርገበገብ እንደሆነ ታውቋል። ሽፋኑ ካበጠ፣ ከደረቀ ወይም ጠባሳ ካወጣ ድምፁ ይሻክራል። ጡንቻው ከሚገባው በላይ ከጨበጠም እንዲሁ ነው፤ ቴራፒው በዋናነት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው።

ታሪክ

ድምፅን ማሠልጠን ከድምፅ ሕክምና በብዙ ዘመን ይቀድማል። በጥንቷ ሮም ፎናስኩስ የሚባሉ የድምፅ አሠልጣኞች ነበሩ፤ ኔሮ ቄሣር ድምፁን ለማጠንከር በጀርባው ተኝቶ ደረቱ ላይ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ዝርግ ይጭን እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ ጽፏል። ሐኪሙ ጋለን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ማንቁርት የሚሄደው የአሳማ ነርቭ ሲቆረጥ ጩኸቱ ወዲያው እንደሚቆም በተመልካች ፊት አሳይቷል። ከዚያ በኋላ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ድምፅ በዋናነት የዘፈን መምህራን ጉዳይ ሆኖ ቆየ።

ሙያው ራሱ እንደ መሥራቹ የሚቆጥረው ሰውም የዘፈን መምህር ነው። ስፔናዊው ማኑዌል ጋርሲያ በ1805 ተወልዶ፣ ከመድረክ በወጣትነቱ ወርዶ በፓሪስና በለንደን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር። በ1841 ስዊድናዊቷ ዘፋኝ ዬኒ ሊንድ ገና በ20 ዓመቷ ድምፅዋ በሥራ ብዛት ተጎድቶ ፓሪስ ድረስ መጣችበት። ጋርሲያ ወዲያው አላስዘፈናትም። ለሳምንታት እንዳትዘፍን፣ ከመናገርም በተቻላት መጠን እንድትቆጠብ አዘዛት፤ ከዚያም አተነፋፈሷንና የድምፅ አነሳሷን ከመሠረቱ እንደገና አስተማራት። በዓመቱ ወደ ስቶክሆልም መድረክ ተመለሰች። ማሳረፍ፣ ቀጥሎ እንደ አዲስ ማስለመድ የሚለው ቅደም ተከተል ዛሬ በክሊኒክ ከሚሠራበት ብዙም አይርቅም።

ጋርሲያ ግን የሚያስተምርበትን አካል ሲሠራ አይቶት አያውቅም ነበር። በ1854 በፓሪስ ሲንሸራሸር የፀሐይ ጨረር መስተዋት ላይ ሲያንጸባርቅ ተመለከተና አንድ ሐሳብ መጣለት ይባላል። የቀዶ ጥገና ዕቃ ሻጭ ዘንድ ሄዶ ረጅም እጀታ ያላት ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት ገዛ። ጉም እንዳይዛት በሙቅ ውሃ አሞቃት፣ አደረቃት፣ ጉሮሮው መጨረሻ እንጥሉ ላይ አስጠጋት፤ በሌላ የእጅ መስታወት የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ ላከ። የራሱን የድምፅ አውታሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ አየ። ያየውን በ1855 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ቀዳሚነቱ ሙሉ በሙሉ ከክርክር የጸዳ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ቤንጃሚን ባቢንግተን በ1829 ተመሳሳይ መሣሪያ አሳይቶ ነበር። ይሁንና ሕያው ሰው ድምፅ ሲያወጣ አውታሮቹ ምን እንደሚሠሩ በዝርዝር መዝግቦ ያስቀመጠው ጋርሲያ ነው። በ1850ዎቹ መጨረሻ ሉድቪግ ቲዩርክና ዮሐን ቼርማክ የተባሉ ሐኪሞች መስታወቱን ወደ ሕክምና አስገቡና «እኔ ነኝ የቀደምኩት» በሚል እርስ በርስ ሲወዛገቡ ቆዩ። ጋርሲያ የመቶኛ ዓመት ልደቱን አክብሮ በ1906 ዐረፈ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በፍጥነት ይነገራል። በ1878 ማክስ ኧርተል አውታሮቹን ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን ማየት የሚቻልበትን ስትሮቦስኮፒ ለማንቁርት ምርመራ አዋለ። በ1905 ኸርማን ጉትስማን በበርሊን የድምፅና የንግግር ሕክምና ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ እንዲሆን በር ከፈተ። ኤሚል ፍሮሼልስ በ1924 በቪየና የዘርፉን ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረተ፤ እያላመጡ ድምፅ ማውጣት የሚለው ዘዴም የእርሱ ነው። የሚያላምጥ ሰው መንጋጋውን አይጨብጥምና። ዴንማርካዊው ስቬን ስሚዝ ትንፋሽንና ድምፅን በምት የሚያስለምደውን የአክሰንት ዘዴ አበረከተ፤ አሜሪካዊው ዳንኤል ቡን በ1971 ባሳተመው መማሪያ መጽሐፍ የተበታተኑትን ዘዴዎች አንድ ላይ አመጣ።

ከሕክምናው በፊት

ድምፁ የሻከረ ሰው ሁሉ በቀጥታ ወደ ልምምድ አይገባም። በ2018 የተሻሻለው የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያ፣ መሻከሩ በ4 ሳምንት ውስጥ ካልለቀቀ ወይም ከባድ ምክንያት ከተጠረጠረ ማንቁርቱ በመሣሪያ መታየት አለበት ይላል፤ ከዚያ በፊት የነበረው መመሪያ እስከ 3 ወር ይፈቅድ ነበር። ቴራፒም ቢሆን ማንቁርቱ ሳይታይ አይታዘዝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የማንቁርት ካንሰርም የሚጀምረው በመሻከር ሊሆን ይችላል። አጫሽ የሆነ፣ በአንገቱ ላይ እብጠት ያገኘ ወይም ሲተነፍስ የሚቸገር ሰው 4 ሳምንት መጠበቅም የለበትም።

ቴራፒስቱ በበኩሉ ድምፁን በጆሮው ይመዝናል። ሂራኖ ያስተዋወቀው ግርባስ የሚባል መለኪያ አጠቃላይ የችግሩን መጠን፣ ሻካራነትን፣ ትንፋሽ የበዛበት መሆንን፣ ድካምንና መጨናነቅን እያንዳንዱን ከ0 እስከ 3 ያስቀምጣል። ታካሚው በአንድ ትንፋሽ «ኣ» ብሎ ለስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይለካል። በ1997 የወጣ ባለ 30 ጥያቄ መጠይቅ ደግሞ ችግሩ በኑሮው ላይ ያደረሰውን ጫና ከ120 ያወጣል። የቴራፒስቱ ጆሮና የታካሚው ስሜት ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ለጆሮ ትንሽ የሚመስል መሻከር ለዘፋኝ እንጀራው ነው።

ልምምዱ

ከዘዴዎቹ ሁሉ ለማየት ቀላሉ የቱቦ ልምምድ ነው። ፊንላንዳዊው አንቲ ሶቪያርቪ በ1960ዎቹ የብርጭቆ ቱቦን ለሕክምና አዋለ። የአዋቂው ቱቦ ከ26 እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ የውስጥ ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ታካሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ የቱቦው ጫፍ ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ ከንፈሩን በቱቦው ዙሪያ ገጥሞ «ኡ» ይላል። ውሃው ይንደቀደቃል፣ ጉንጩ ይርገበገባል። አረፋው ከተቆራረጠ ትንፋሹ ወጥ አይደለም፤ አረፋው እየወጣ ድምፁ ካልተሰማ አውታሮቹ አልገጠሙም። ቴራፒስቱ ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ማንቁርቱ ወደ ላይ እንዳይሸሽ ይከታተላል። ከውሃው የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹን ገርበብ አድርጎ ስለሚይዛቸው በኃይል ሳይጋጩ ይርገበገባሉ። ሌላዋ ፊንላንዳዊት ማርኬታ ሲህቮ ብርጭቆውን በሲሊኮን ተካችው፤ የአሜሪካው ተመራማሪ ኢንጎ ቲትዘ ደግሞ በተራ ቀጭን ስትሮ ተመሳሳይ ውጤት እንደሚገኝ አስረድቶ ልምምዱን በየቤቱ አስገባው። ርካሽ መሆኑ አይናቅም።

ጆሴፍ ስቴምፕል ያዘጋጃቸው የድምፅ ተግባር ልምምዶች አራት ናቸው፦ አንድ ድምፅን መያዝ፣ ከታች ወደ ላይ መንሸራተት፣ ከላይ ወደ ታች መውረድና የተወሰኑ ኖታዎችን አንድ በአንድ ረዘም አድርጎ መያዝ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በተቻለ መጠን በለሰለሰ ድምፅ ይሠራሉ። የሬዞናንስ ቴራፒ «እምምም» ከማለት ተነስቶ ንዝረቱ ከንፈርና አፍንጫ አካባቢ እስኪሰማ ይወስዳል፤ ያ ስሜት ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያም ወደ ተራ ጨዋታ ይሸጋገራል። ታካሚው ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው መጨረሻው ላይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያምራል፣ ስልክ ሲያነሳ የድሮው ድምፅ ይመለሳል። ጡንቻው ክፉኛ ለተወጠረ ሰው ማንቁርቱን ዙሪያውን በጣት ማሸት አንዳንዴ በአንድ ቀጠሮ ውስጥ ድምፁን ይመልሳል።

ለፓርኪንሰን ሕሙማን የተዘጋጀውና ሊ ሲልቨርማን በተባለች ታካሚ ስም የሚጠራው ዘዴ የተገላቢጦሽ ነው፦ ከፍ አድርገህ ተናገር ይላል። በሳምንት 4 ቀን፣ ለ4 ሳምንት፣ በድምሩ 16 ቀጠሮ አለው። ሕመምተኛው ራሱን የሚጮህ ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን ገና ተራ ድምፅ እየሰማ ነው።

የት ይሠራል፣ የት አይሠራም

ኖጁል የሚባሉት፣ መዳፍ በሥራ ብዛት እንደሚያወጣው ጠጠር በሁለቱም አውታሮች ላይ ትይዩ የሚወጡት እብጠቶች በቴራፒ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ናቸው፤ ብዙዎቹ ያለ ቀዶ ጥገና ይሟሽሻሉ። በጡንቻ መወጠር የሚመጣ መሻከር፣ ከጉርምስና በኋላ ቀጥኖ የቀረ የወንድ ድምፅም እንዲሁ። በሲስት (አውታሩ ውስጥ በሚፈጠር ከረጢት) እና በትልልቅ ፖሊፖች (ከአውታሩ በሚወጡ ለስላሳ እብጠቶች) ላይ ግን ቴራፒ ብቻውን ብዙ አይሄድም፤ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ አጋዥ ነው። አውታሮቹን ያለ ፈቃድ የሚያኮማትረው ስፓዝሞዲክ ዲስፎኒያ ዋና ሕክምናው ጡንቻን የሚያላላው የቦቶክስ መርፌ ነው። ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በ2001 ያወጣው 204 ሕሙማንን በዕጣ በቡድን የመደበ ጥናት፣ ቴራፒ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ድምፃቸው መሻሻሉን አረጋግጧል። ብዙዎች መንገድ ላይ ማቋረጣቸው ግን ሙያው ሊክደው የማይችለው ነው።

መከላከል

በ2004 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የድምፅ ችግር የገጠማቸው መምህራን 57.7 በመቶ፣ ሌሎች ሠራተኞች ደግሞ 28.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ነገር ግን ጤነኛ ሰዎችን አስቀድሞ ማሠልጠን በእርግጥ እንደሚከላከል በ2007 የወጣው፣ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ ማስረጃ አላገኘም። የተገመገሙት ሙከራዎች ጥቂት ስለነበሩ ጉዳዩ ያለቀ አይደለም። ድምፃቸው በታወከ መምህራን ላይ ኔልሰን ሮይና ባልደረቦቹ ያካሄዷቸው ንጽጽሮች ውጤት የበለጠ ግልጽ ነው፦ ይዘዋት የሚንቀሳቀሱ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ረድታለች፣ የስቴምፕል ልምምዶች ረድተዋል፣ ምክር ብቻ የተሰጣቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳዩም።

ማንሾካሾክ ጎጂ ነው የሚለው የቆየ ምክር በከፊል ብቻ ይቆማል። በ2006 በ100 ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ 69 በመቶው ሲያንሾካሽኩ ማንቁርታቸውን ይበልጥ ጨብጠዋል፤ የተቀሩት ወይ አልተለወጡም ወይ አላልተዋል። ደጋግሞ «እህ፣ እህ» እያሉ ጉሮሮ መጥረግ አውታሮቹን እንደሚያጋጭ ግን ብዙም አያከራክርም፤ በምትኩ ምራቅ መዋጥ ይመከራል። ከአውታር ቀዶ ጥገና በኋላ ዝም ማለት የሚገባው ለስንት ቀን እንደሆነ ሐኪሞች አልተስማሙም። ልማዱ አንድ ሳምንት ነበር፤ በ2017 የታተመ የጃፓን ጥናት የ3 ቀን ዝምታን ከ7 ቀን ዝምታ ጋር አወዳድሮ፣ ቶሎ ወደ ልምምድ የገቡት የተሻለ ድምፅ እንዳገኙ ዘግቧል።